ጣና ላይ በጀልባ፦ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን፣ ደሴቶቹንና የአባይን መውጫ ለማየት ዝርዝር መመሪያ

አክስቴ ከቡሬ ልትጠይቀን መጥታ «ጣናን በጀልባ ሳላይ አልመለስም» አለች። እኔም የከተማው ልጅ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ቁርስ ተበላ፣ ቡና ተፈላ፣ አቦል ቶና በረካ ተብሎ ሦስቱም ተጠጣ። ጀልባ ላይ ስንወጣ አምስት ሰዓት ሆኗል። ዘጌን አየን፣ ተደሰትን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መልስ ጀመርን። ጠዋት እንደ ተዘረጋ ነጠላ ጸጥ ብሎ ያየነው ውሃ ጀልባዋን እንደ ሰፌድ እህል ያንገዋልላት ጀመር። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች፦ «ካወጣሽኝ ዣንጥላ አስገባለሁ።» ጀልባ ነጂው ግን ዞር ብሎም አላያትም፤ «አይዞዎት እማማ፣ ሰዓቱ ነው» አላት።

ሰዓቱ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያች ቃል ምክንያት ነው። ጣና ላይ የሚበላሽ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ዘግይቶ በመነሳትና በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ለማዳረስ በመሮጥ ነው። የቀረውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ጣና ትልቅ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 እና 15 ሜትር አካባቢ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነካው አጫጭርና ተከታታይ ሞገድ ያነሳል፤ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመታችኋል። ነፋሱ ደግሞ ልማድ አለው። ጠዋት ጸጥ ይላል። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይነፍሳል። ከቀትር በኋላ ነው የሚብሰው።

ስለዚህ እቅዱን ከኋላ ወደ ፊት አውጡት። «ስንት ሰዓት እንነሳ?» ሳይሆን «ስንት ሰዓት ወደብ እንመለስ?» በሉ። የኔ መልስ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ቢዘገይ ሰባት ሰዓት ነው። ለዘጌ ጉዞ ይህ ማለት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጀልባ ላይ መሆን ማለት ነው። ቡናውን ዘጌ ትጠጡታላችሁ፣ አይቀርባችሁም።

ከወራቱ ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ። ዝናቡ ቆሟል፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ የዘጌ መንገድም ጭቃው ደርቋል። ጥርና የካቲትም ጥሩ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ድንገት ስለሚጠቁር ረጅም ጉዞ አልመክርም፤ ጠዋት አጭር ዙር ግን ይቻላል። በዓል ስትመርጡ አስቡበት። ጥምቀት ባሕር ዳር ላይ ደምቆ ይከበራል፣ ግን ከተማው ጢም ይላል፤ አልጋም ጀልባም ቀድሞ ይያዛል።

ሌላው፣ በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ባሕር ዳር የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውላችሁ ጠይቁ። ከጉዞው ዋዜማ ደግሞ ያረፋችሁበትን ሆቴልና ወደቡ ላይ ያሉትን ጀልባ ነጂዎች ጠይቁ። የትኛው ዳር ይኬዳል፣ የትኛው ለጊዜው ይቅር፣ እነሱ ያውቃሉ። «ዛሬ እዚያ አንሄድም» ካሉ አትከራከሩ።

ሁለተኛ፦ የት እንደምትሄዱ ወስኑ

ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ሁሉንም አታዩም፣ ተዉት። ለጎብኚ የሚሆነውን እኔ በሦስት ዙር እከፍለዋለሁ።

አጭሩ ዙር ከከተማው ሳይርቅ የሚያልቅ ነው። ደብረ ማርያም፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ከዚያ የአባይ መውጫ። ደብረ ማርያም አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ ላይ ያለች ደሴት ናት፤ ሐይቅ ላይ ናት ወይስ ወንዝ ላይ ብትሉ ሁለቱንም ናት። ልጅ የያዘ፣ ውሃ የሚፈራ፣ ወይም ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው በዚህ ይጀምር።

መካከለኛው ዙር ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር ወደብ በተለመደው ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ እንደ ሞተሩ ጉልበት ይለያያል። ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የገባ በጫካ ቡና የተሸፈነ የምድር ምላስ ነው። በመኪናም ይደረሳል። በውስጡ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ቤተ ማርያምና ሌሎችም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ከጠየቀኝ መልሴ ሁልጊዜ ዘጌ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ የአባይን መውጫ ማከል።

ረጅሙ ዙር ወደ ሐይቁ መሃል ነው። ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ። አንድ መንገድ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓትም ሊወስድ ይችላል። ሙሉ ቀን ነው፣ ማልዶ መነሳትን ይጠይቃል፣ ጠንከር ያለ ጀልባም ይፈልጋል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ነገር ተነጋገሩ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የገዳሙ ሥርዓት ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ጀልባው ደሴቱ ጥግ ከቆመ በኋላ ነው፤ ከዚያ ሚስት ጀልባ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ እየመታት ትቀመጣለች፣ ባል ከላይ ብራና ያያል፣ ማታ ደግሞ እራት ላይ ኩርፊያ። አብረው መውረድ የሚፈልጉ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን፣ ደብረ ማርያምን፣ ናርጋ ሥላሴን፣ የመነኮሳይያት ገዳም የሆነውን እንጦስ ኢየሱስን ይምረጡ። ክብራንና እንጦስ ጎን ለጎን ስለሆኑ ወንዶቹ ክብራን፣ ሴቶቹ እንጦስ ወርደው በኋላ መገናኘትም ይቻላል። ጀልባ ነጂውን ቀድማችሁ ንገሩት፣ የተለመደ ነው።

ሦስተኛ፦ ጀልባ መያዝ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፣ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

ወደቡ አካባቢ ገና ከባጃጅ ሳትወርዱ «ጀልባ? ዘጌ? ገዳም?» የሚል ሰው ይቀበላችኋል። ደላላ ሊሆን ይችላል፣ ጀልባ ነጂው ራሱም ሊሆን ይችላል። ደላላ ክፉ ነው አላልኩም፣ ግን የሱ ድርሻ ከናንተ ኪስ እንደሚወጣ እወቁ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከጉዞው ዋዜማ፣ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ወደቡ ላይ እሄዳለሁ። ሞተሩን፣ ወንበሩን፣ ሰውየውን በዓይኔ አያለሁ። ደግሞ ከውስጥ የሚወርዱትን መንገደኞች ፊት አያለሁ፤ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ እሱ ይነግረኛል። ስልኩን ተቀብዬ ለጠዋት እቀጥራለሁ። የሐይቅ ዳር ሆቴል ያረፈ ሰው ሆቴሉም ጀልባ ሊያገናኘው ይችላል፤ ምቹ ነው፣ አንዳንዴ ወደድ ይላል።

ድርድሩ ግልጽ ይሁን። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

«ዘጌ ደርሶ መልስ ስንት ነው?»
«ስንት ሰው ናችሁ?»
«ለሰው ነው ወይስ ለጀልባዋ?»
«ለጀልባዋ።»
«ዑራና አዝዋ ወርደን፣ ቡና ጠጥተን፣ ስንመለስ አባይ መውጫ ጎራ ብለንስ?»
«እሱ ይጨመርበታል።»

ያቺ «ይጨመርበታል» የምትለዋ ቃል ወደብ ላይ ትባል እንጂ ውሃ ላይ አትባል። ማቆሚያዎቹን በስም ዘርዝሩ። መቆያ ሰዓት ተነጋገሩ፤ ለዘጌ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፣ ከዚያ ያነሰ ካላችሁ ሩጫ ነው። አስጎብኚ ዋጋው ውስጥ አለ የለም ጠይቁ። የገዳማቱ መግቢያ ግን ከጀልባው ዋጋ ውጭ ነው፤ እያንዳንዱ ገዳም ለብቻው ያስከፍላል፣ ደረሰኝም ይሰጣል። ቁጥር እዚህ አልጽፍም፣ ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ዋጋው ስለሚለወጥ ያረጀ ቁጥር ይዛችሁ ከሰው እንዳትጣሉ። ይልቅ ሁለት ሦስት ጀልባ ጠይቃችሁ አወዳድሩ።

ክፍያውን ግማሽ ቀድማችሁ፣ ግማሽ ስትመለሱ ስጡ። ብዙ ጊዜ ጀልባ ነጂው ቤንዚን የሚሞላው በቀብዱ ነው፣ ምክንያታዊ ነው። ሁሉንም ግን ቀድማችሁ አትስጡ። እኔ አንዴ ሰጥቼ፣ ስሙን የማልጠራው ሰው፣ ከዘጌ ስንመለስ መሃል ላይ ቤንዚን አልቆበት ሌላ ጀልባ እስኪያልፍ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለናል። ውሃው ጸጥ ያለ ስለነበር ሳቅንበት። በዘጠኝ ሰዓት ቢሆን አንስቅም ነበር።

ጀልባዋን ስታዩ እነዚህን ፈልጉ። በእያንዳንዱ ሰው ልክ ላይፍ ጃኬት፤ «አለ» የሚለውን ሳይሆን በዓይን የሚታየውን፣ ማሰሪያው ያልተበጠሰውን። ትርፍ ቤንዚን በጄሪካን። መቅዘፊያ። ጣሪያ ወይም ጥላ፤ የጣና ፀሐይ ከላይም ከውሃው ላይ ተንጸባርቆም ከታችም ነው የሚያቃጥለው። ልጅ ካለ ልጅ የሚያክል ላይፍ ጃኬት ለይታችሁ ጠይቁ፣ የአዋቂው ከትከሻው ሾልኮ ይወጣል። ዋና እችላለሁ ብሎ ጃኬቱን መቀመጫ የሚያደርግ ጀግና ከመካከላችሁ አይጠፋም። አልብሱት።

ብቻችሁን ወይም ሁለት ከሆናችሁ ከሌላ ቡድን ጋር መቀላቀል ወጪውን ያቀላል። ጠዋት ወደቡ ላይ ሰው የሚጠብቅ ጀልባ አይጠፋም። የሕዝብ ጀልባም አለ፤ የዘጌ ሰው ከነሸቀጡ የሚመላለስበት። ርካሽ ነው፣ ጨዋታውም ሸጋ ነው፣ ነገር ግን የሚነሳውም የሚመለሰውም በራሱ ሰዓት ነው፤ ማቆሚያ አትመርጡም።

አራተኛ፦ ምን ትይዛላችሁ

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። ተረት መስሎን እንስቃለን እንጂ ጣና ላይ በየቀኑ የሚፈጸም ነገር ነው። ያ ሁሉ ውሃ መሃል ሆናችሁ የሐይቁን ውሃ መጠጣት የለም። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ያዙ።

ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌ ልብስ። ለሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽና ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ፤ ለወንዶች ረጅም ሱሪ። በቁምጣ መጥቶ ገዳም በር ላይ የሰው ነጠላ የሚለምን ወንድ አይቻለሁ፣ አያምርም። ጫማው በቀላሉ የሚወልቅ ግን ድንጋይ የሚያስረግጥ ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ይወልቃል፣ የዘጌ መንገድ ደግሞ ሥርና ድንጋይ ነው። ካልሲ ያዙ። ኦርቶዶክስ የሆነ አንባቢ ንጽሕናን የሚመለከተውን ሥርዓት ያውቃልና እዚያ ውስጥ አልገባም።

ዝርዝር ብር በብዛት። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚ፣ ለቡና፣ በር ለሚከፍቱት አባት። ቴሌብር አለኝ ብላችሁ ጫካ ውስጥ አትተማመኑ። ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። ውሃ የሚያጥወለውለው ሰው ቁርሱን ያቅልል፣ ሎሚ ወይም ዝንጅብል ይያዝ፣ ዓይኑን ስልክ ላይ ሳይሆን ሩቅ የብስ ላይ ያድርግ። የወባ ትንኝ ባሕር ዳር ላይ ማታ ማታ አለች፣ ቅባት ከያዛችሁ አትከስሩም።

ዋና ልብስ አልጻፍኩም፣ ረስቼ አይደለም። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ፣ ማለትም ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ፣ አለ። እግርን ዳር ላይ መንከርም ጭምር ይቅርባችሁ።

አምስተኛ፦ ጠዋቱ

ስትሳፈሩ ክብደት ይመጣጠን፤ ሁሉም ፎቶ ሊነሳ በአንድ ጎን አይከመር። ከፊት የሚቀመጥ ይዘላል፣ ውሃም ይረጫል። ከኋላ የሚቀመጥ የሞተሩን ድምፅና ጭስ ይጠጣል። አክስቶች መሃል ይቀመጡ።

ከወደቡ ስትርቁ ወደ ኋላ ዞራችሁ ከተማውን እዩ። ዘንባባው፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የሐይቅ ዳሩ ዛፍ። ፊት ለፊት ደግሞ ታንኳ ታያላችሁ። ከደንገል የሚሠራ ነው፤ ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል። በዚህ ሥራ በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የታወቀ ነው። ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ቁሞ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፣ ከዚያ አዲስ ይታሰራል። በሞተር በአጠገባቸው ስታልፉ ጀልባ ነጂው ፍጥነት እንዲቀንስ ንገሩት። የናንተ ማዕበል ለናንተ ምንም አይደለም፣ ለታንኳው ሰው ግን ነው። ፎቶ ስታነሱም ጠይቁ፤ ሰውየው ሥራ ላይ ነው።

ዘጌ ስትወርዱ ጫካው ይቀበላችኋል። አባ በትረ ማርያም የሚባሉ ጻድቅ በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይላል የአገሩ ሰው። በሥርዓቱ መሠረት ዘጌ ላይ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ ነው። ከማረፊያው እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ ሽቅብ ነው፣ በዝግታ ሃያ ደቂቃ። ግራና ቀኝ ትንንሽ ታንኳ፣ መስቀል፣ ሥዕል የሚሸጡ አሉ። ስትወጡ ሳይሆን ስትመለሱ ግዙ፣ ተሸክማችሁ አትውጡ። ከዛፉ ላይ ጦጣ ታያላችሁ፤ ሙዝ በእጅ ይዞ መሄድ ጦጣን መጋበዝ ነው።

ዑራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል አለ። በግቢው የድንጋይ ደወል አለ፣ አባቶች ካልፈቀዱ አትምቱት። ከውስጥ ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ የመቅደሱ ግድግዳ ጋ ስትደርሱ አራቱም ዙሪያ ሥዕል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አምስት ደቂቃ ቆሞ፣ ሰልፊ አንስቶ ይወጣል። እባካችሁ አትውጡ። ሥዕሉ የተሣለው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ፊቶቹን ተመልከቱ፤ ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎቹ በአንድ ዓይን በጎን ተሥለዋል። ይህን ካወቃችሁ ታሪኩን ባታውቁት እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ትለያላችሁ። ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል፤ «ይሄኛው ክፉ ነው!» እያሉ ዙሪያውን ይዞራሉ።

በላዔ ሰብእን ፈልጉት። 78 ሰው የበላ፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ የዳነው። ሥዕሉ ላይ ሲበላም፣ ውሃ ሲሰጥም፣ ሚዛኑ ሲመዘንም አለ። አክስቴ እዚህ ፊት ቆማ ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው በዚህ ነው። በሌላ ቦታ ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች።

ፍላሽ አጥፉ። ሥዕሉን በእጅ አትንኩ። ቅዳሴ ካለ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጉብኝቱ ይጠብቃል። በግቢው ያለው ሙዚየም ውስጥ ዘውድና የብራና መጻሕፍት አሉ፣ ደህና ጊዜ ስጡት። ቁልቁል ስትወርዱ ወደ ማረፊያው ቀረብ ያለውን አዝዋ ማርያምን ግቡ፤ ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ ሰው ግን አይበዛበትም።

ከዚያ ቡና። መንገዱ ዳር የሚያፈሉ እናቶች አሉ፣ ከጓሯቸው የተለቀመ የዘጌ ቡና ነው። አቦል ጠጡ፣ ቶናን ጨምሩ። ሰዓታችሁን እዩ፤ አራት ሰዓት ተኩል ከሆነ በረካውን ይቅርታ ጠይቃችሁ ተነሱ።

ስድስተኛ፦ የአባይ መውጫ

ሲመለሱ በአባይ አፍ ዞሩ። እዚህ ላይ ሐይቁ ይጠባል፣ ውሃው ይለሰልሳል፣ ደንገል ግራ ቀኝ ይቆማል። ግልገል አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ወርዶ ጣና ይገባል፤ የአገሬ ሽማግሌ አባይ ሐይቁን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይላል። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለውም ለዚህ ወንዝ ነው፤ ዛሬ ግን መውጫው ላይ ጫራ ጫራ የሚባል ግድብ የውሃውን መጠን ይቆጣጠራል፣ እንደ ልቡ አይሄድም።

ጉማሬ የሚታየው እዚህ አካባቢ ነው። መጀመሪያ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ይታያል፣ ድንጋይ ይመስላል፣ ከዚያ ድንጋዩ ይተነፍሳል። ቅረብ ቅረብ እያላችሁ ጀልባ ነጂውን አትገፋፉት። ጉማሬ ሣር በል ነው ግን የዋህ አይደለም፤ በተለይ ግልገል ያላት፣ ወይም ወደ ጥልቁ ውሃ መመለሻዋ የተዘጋባት። ጥሩ ጀልባ ነጂ ርቀቱን ጠብቆ ይቆማል። «ገንዘብ ጨምሩና ላስጠጋችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ብሩም ጉማሬውም ይቅር። ሳታዩ ብትመለሱ አትቆጡ፣ ጉማሬ ቀጠሮ የለውም። ፔሊካንና ሌሎች ወፎች ግን አይጠፉም። ከመውጫው አለፍ ብሎ በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ አለ፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ማታ በእግር መሻገሩ ደስ ይላል።

ረጅሙን ዙር ለሚፈልጉ

ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ነው፤ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ። አጠገቡ ያለው ደቅ ከጣና ደሴቶች ትልቁ ነው፣ ሰው አርሶ የሚኖርበት። በደቅ ምዕራብ ጫፍ ናርጋ ሥላሴ አለ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት። ወደ ምሥራቅ ዳር ደግሞ ታቦተ ጽዮን ለዘመናት አርፋበታለች የሚባለው ጣና ቂርቆስ አለ፤ እሱ ግን በሌላ አቅጣጫ ነው፣ ከዳጋ ጋር በአንድ ቀን አትደርቡት።

ለዚህ ዙር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ ላይ ሁኑ። ምሳ ከባሕር ዳር ቋጥራችሁ ውሰዱ። የምትመለሱት ነፋሱ በተነሳበት ሰዓት መሆኑ ስለማይቀር ትልቅና ጣሪያ ያለው ጀልባ፣ ሁለት ሰው ያለው ጀልባ ያዙ፤ አንዱ ሲነዳ አንዱ ያያል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ዙሩን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በምዕራብ ዳር ቁንዝላ አለች፣ የሰሜን አቸፈር የሐይቅ ዳር ከተማ፤ ሰሜን ጫፍ ላይ ደግሞ በጎንደር በኩል ጎርጎራ። ሐይቁን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ የምትሹ እነዚህን ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሁለት ቀን አስቧቸው፣ ማደሪያም አስቀድማችሁ ያዙ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳር በ2004 ዓ.ም አካባቢ የታየው እንቦጭ የተባለ የውሃ አረም አንዳንድ ማረፊያ ላይ ሞተር ይጠመጥማልና ጀልባ ነጂው ዞሮ እገባለሁ ካለ እመኑት።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ሰባት ሰዓት ላይ የተራበ ሰው ዓሣ ይብላ። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ በእንጀራም በዳቦም ይመጣል፣ ጉላሽም አለ። ከተጠበሰው ሙሉውን ዓሣ እመርጣለሁ፣ በእጅ፣ በሚጥሚጣና በሎሚ። በጾም ቀን ከሆነ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ከጠረጴዛው ሰው ጋር ጨርሱት፣ እኔን አታስገቡኝ።

ከሰዓቱን ተኙ ወይም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፤ አባይ ከከተማው ሲወጣ ከላይ ይታያል። ጢስ አባይን ለማግስቱ ተዉት። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ላይ አባይን በአጭር ጀልባ መሻገሪያ አለ፣ በሌላው በኩል ደግሞ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው ጢሱ የሚጤሰው።

አክስቴ በዓመቱ ስለቷን ልታስገባ ተመለሰች፣ የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት። ጀልባው ሁሉ በምእመን ይሞላል፣ ስለዚህ በዚያ ቀን የምትሄዱ ከሦስት አራት ቀን በፊት ያዙ። ዣንጥላውን ወደቡ ላይ ዘርግታ «ይታይልኝ» ብላ ነበር፣ ጀልባ ነጂው ተቆጣ። ስለት ይዛችሁ የምትሄዱ ዣንጥላው ተጠቅልሎ፣ በሻሽ ታስሮ፣ ጀልባዋ ወለል ላይ ይተኛ፤ የሚዘረጋው ዘጌ ከተወረደ በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳን። ቡናውን በፔርሙስ ይዛው ነበር።